የመቀሴ ዛፍ

ሰዓት ጠጋኙ በሕይወት ሳለ ሁለት ነገር አይሆንለትም ነበር፤ አንዱ መጠየቅ፣ ሌላው እምቢ ማለት። መንገድ ቢጠፋው ሰው ከማስቸግር ብሎ ሦስት ጊዜ ይዞራል እንጂ አይጠይቅም። ሰው ቤት ሄዶ ሦስተኛ ብርጭቆ ሻይ ቢቀዱለት፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ቢወጠርም የቀዳው ሰው እንዳይከፋው ይጠጣል። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ግን መጠየቁንም እምቢ ማለቱንም ለሁለት የሚበቃ ታውቅበት ነበር። በምላሷም በእጅ ሥራዋም ምክንያት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ «መቀሴ» ይላታል። ሰው ፊት ይህ ስም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ስላልወለዱ ቤት ውስጥ የሚሰማም አልነበረም፤ ስሙ የሁለቱ ብቻ ሆኖ ኖረ።

እሑድ ማለዳ አረንጓዴ ብስክሌቱን ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያወርድና ይወጣል። ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወደ መስኖው ቦይ፣ ከዚያ በእርሻው መሃል ዞሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቱ። ታዲያ ቅዳሜ አመሻሽ እራት ቀርቦ ሲቀመጡ አንድ ነገር ይጠይቃት ነበር። መጠየቅ የሚሆንለት ይህቺን ብቻ ነው።

«ነገ አትመጪም?»

እሷም ከሳህኗ ቀና ሳትል፣ «እግዜር ሁለት እግር ሰጥቶኝ ጎማ ላይ ምን ሰቀለኝ?» ትለዋለች። ይስቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ይጠይቃታል።

አንድ ቅዳሜ ግን አልጠየቀም። በሚቀጥለውም አልጠየቀም። እንደዚያ እንደዋዛ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እርግጥ ነው፣ የመሄድ ሐሳቡም አልነበራትም፤ ቢሆንም ተጠይቆ እምቢ ማለትና ጭራሽ አለመጠየቅ ለየቅል ናቸው። ለምን ተውክ እንዳትለው ኩራቷ ያዛት። ሰው በየሳምንቱ አንድ መንገድ የሚመላለሰው፣ ሚስቱንም ነይ ማለት የሚተወው፣ መንገዱ ላይ ሴት ብትኖር ነው አለች በልቧ። ለማንም አልተነፈሰችም። ሆድ ይፍጀው ብላ አንገቷን ስፌት መኪናዋ ላይ ደፍታ ኖረች።

ከአራት ወር በፊት ባሏ የአንድ ሰው የእጅ ሰዓት ከፍቶ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞተ። አለቀሰች፤ አንጀቷ እስኪቆረጥ አለቀሰች። ከለቅሶው ሥር ግን ያቺ ነገር አልጠፋችም። መልሱን ይዞባት ሄዷል። አሁን ማንን ትጠይቅ? ነገሩን የሚያውቅ ብስክሌቱ ብቻ ነው፣ እሱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያያታል።

እሑድ ጠዋት ብስክሌት ጠጋኝ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ኮርቻውን ዝቅ እያደረገላት አጉረመረመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመትሽ? ከነዳሽ እኮ አርባ ዓመት አልፎሻል።»

«ብስክሌቱ ረስቶኝ እንደሆነ እንጂ እኔ አልረሳሁም።»

«ወደቀች ብለው ቢደውሉልኝ አልመጣም፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«ትመጣለህ።»

«እመጣለሁ» አለ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ። «ግን ምን ልሁን ብለሽ ነው? ስጪኝና ልውሰደው፣ አንቺም ከዓይንሽ ይጥፋልሽ።»

«መንገዱን አንድ ቀን ልየው። ከዚያ ትወስደዋለህ።»

ወንድሟ መሪው ላይ ያለውን ደወል መታ አደረገው። ሟቹ ከአሮጌ ቀስቃሽ ሰዓት ነቅሎ የገጠመው ነው፤ እንደ ሌላ ብስክሌት ቂው አይልም፣ የሞተ እንቅልፍ ይቀሰቅሳል። «በይ ይህን እየደወልሽ ሂጂ፤ ከብቱም ሰዉም ይሸሽልሻል» አለና ከኋላዋ ገፋ አደረጋት።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጉድ ነበር። መሪው እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ አለባት፤ ጭኗ ነደደ፤ ቁልቁለቱን ፍሬኑን በሁለት እጇ አንቃ፣ ጥርሷን ነክሳ ወረደች። የከተማው ዳር ያሉትን ጋራዦችና የእንጨት መሰንጠቂያውን ካለፈች በኋላ ግን መንገዱ ባዶ ሆነ። ግራና ቀኙ የታጨደ እርሻ ነው። ጎማው አስፋልቱን ሲያሽ ከሚሰማው በቀር ድምፅ የለም። እግሯ ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና መርገጫ የለመደ ነውና፣ አንዴ ምቱን ሲያገኘው ሳታዘው ይረግጥ ጀመር። አየሩ ደረቷ ውስጥ ገባ። መንገዱ ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አናደዳት። ይህን ነው እንግዲህ ብቻውን ሲበላው የኖረ፣ ብቻውን ከሆነ።

ሐይቁ ከኮረብታው ጀርባ ድንገት ወለል አለ። ዳርቻው ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ፣ ከጎኗ ሬንጅ ሊቀቡ የተገለበጡ ሦስት ጀልባዎች አሉ። መንገዱ መሃል የተኛ ውሻ አልነሳ ቢላት ደወሉን ደወለች። ውሻው ከመነሳቱ በፊት የጎጆዋ በር ተከፈተና አንዲት ሴት ፊቷ በፈገግታ በርቶ፣ በሁለት እጇ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ልቧ ድንግጥ አለ። ሁለት ብርጭቆ። ሴትዮዋ አርባ ቢሆናት ነው፤ እጅጌዋን ሰብስባለች፤ ክንዷ ላይ ሬንጅ ነክቷታል፤ መልኳም ደህና ነው። ይኸውልሽ አለች በልቧ። ከብስክሌቱ ወረደች።

የሴትዮዋ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ደወሉን ስሰማ ጋሽ ሰዓት የመጣ መስሎኝ» አለች። «ብስክሌቱ የእሱ አይደለም እንዴ? እርስዎስ ምኑ ነዎት?»

ሚስቱ ነኝ ማለት ነበረባት። ነገር ግን ከመናገሯ በፊት የዚህችን ሴት ሆድ ማወቅ ፈለገች።

«ዘመዱ ነኝ» አለች።

«ደህና ነው? አራት ወር ሙሉ ደወሉን ሳንሰማ። ባሌማ ወደ ከተማ ሄጄ ካልፈለግሁት ሲል ነበር።» በአገጯ ወደ ውሃው ጠቆመች። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው እጁን አውለበለበ። ልብስ ሰፊዋም፣ ምን ታድርግ፣ አውለበለበችለት።

«ትንሽ አልተመቸውም» አለች። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት።

ሴትዮዋ እፎይ ብላ ብርጭቆውን አቀበለቻት። «ተመስገን፣ ዘመድ አለው ማለት ነው። እኛ እኮ ሰው የለውም ብለን ስንጨነቅ ነበር፣ እትዬ። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ማን ቤት ይገባል፣ ማን ያጎርሰዋል እያልን።»

ብርጭቆው አፏ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

«ማን ሞተችበት?»

«ሚስቱ ናታ። አላወቋትም ነበር? አሥራ አንድ ዓመት ሆናት እኮ። እዚያች ድንጋይ ላይ ነው ያገኘነው፣ ውሃ ውሃውን እያየ። ባሌ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እስኪናገር ጠበቀው፤ ‹ባለቤቴ› አለና አልጨረሰውም። ብቻውን ከውሃ ዳር መተው ፈራንና ይዘነው ቦዩ ጋ ውሃ ወደሚጠብቁት አባባ ሄድን። እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ለእሷ የተከልነው ዛፍም እዚያ ነው፤ ሲያልፉ ያዩታል።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ሻዩን ጠጣችው አልጠጣችው አታውቅም፤ ብርጭቆውን ባዶውን መመለሷ ብቻ ትዝ ይላታል። ሴትዮዋ «ሰላም ይበሉልን» ስትል ራሷን ነቀነቀች። ብስክሌቱ ላይ እንዴት እንደወጣች፣ ሐይቁን እንዴት እንደዞረች የምታውቀው የለም።

ቆይቶ ነው ንዴቱ የመጣው። ሌላ ሴት ቢይዝባት ይሻል ነበር። እሷ ቤት ቁጭ ብላ ሸሚዙን ስትተኩስ፣ ካልሲውን ስትጠግን፣ ይህ ዓይን አፋር፣ ይህ ዝንብ የማይገድል ሰው፣ እዚህ መንገድ ላይ እሷን ገድሎ አስለቅሶባት ይመለስ ነበር። ለዚህ ነዋ ነይ ማለት የተወው። የሞተ ሰው ብስክሌት አይነዳማ። ፔዳሉን እንደ ጠላት ረገጠችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷን ረስታ፣ ጭኗንም ረስታ፣ የቦዩን ዳር ይዛ በረረች።

ቦዩ ቀጥ ያለ ነው፤ ዳርና ዳሩ ሲሚንቶ፣ ውሃው ቡናማና ዝምተኛ። መጨረሻው ላይ የብረት በር፣ በሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የእጅ መዘውር፣ ከአጠገቡም አንዲት ክፍል ቤት አለች። ከቤቷ በላይ የሚያጠላ አንድ ትልቅ የአኻያ ዛፍ ቅርንጫፎቹን ውሃው ውስጥ ነክሯል። ደወሉን አልደወለችም። ብስክሌቱን ግንዱ ላይ ስታስደግፍ ዓይኗ ፊት መዳፍ የምታህል ክብ የነሐስ ሰሌዳ አየች፣ የግድግዳ ሰዓት የኋላ ክዳን ነበረች። ላይዋ በሰዓት ጠጋኝ መርፌ፣ በማያልቅ ጥንቃቄ፣ ልታውቀው በማይቸግራት የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ቃል ተፍቋል።

«ለመቀሴ።»

«ሚስቱ» ሲሉ ሌላ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ውሸት፣ ሰበብ፣ ምናምን ሊሆን ይችላል። ይህ ስም ግን የሷ ነው፤ ከሁለት ሰው ጆሮ በቀር የሚያውቀው የለም። እዚህ ፀሐይ ላይ፣ ነፋስ ላይ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያነበው ተቸንክሯል። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

«ደክሞሻል፣ እህቴ። ተቀመጪ፣ ጥላው ለሁሉ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

የቦዩ በር ጠባቂ ናቸው፣ ሰባ አምስት ያለፋቸው ሽማግሌ። ለእርሻዎቹ ውሃ ሊለቁ መዘውሩን እያዞሩ ነበር፤ በሩ እያቃሰተ ሲነሳ ውሃው ወደ ትንሿ ቦይ መንደርደር ጀመረ። ብስክሌቱን አይተው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራረጉ።

«የእሱ ሰው ነሽ ማለት ነው።»

«ዘመዱ ነኝ» አለች። ሐይቁ ዳር ተናግራዋለች፤ አሁን እዚህ ሌላ መናገር አፏ እምቢ አላት። «ይህ ዛፍ ምንድን ነው፣ አባቴ?»

ሽማግሌው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። «የሚስቱ ነው። ያ ትልቁ ነፋስ የፓምፕ ቤቱን ጣሪያ በወሰደ ማግሥት ነበር፣ እሑድ ቀን። የሐይቁ ዳር ባልና ሚስት ደግፈው አመጡት። ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ ጠዋት ሊጠይቃት ቢሄድ አልጋዋ ባዶ፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ አንዷ ወለሉን ታጥባለች። አየ፣ ወጣ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ማንንስ ምን ብሎ ይጠይቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ግንዱን ያዘች። ተንሸራታ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

ያን ነፋስ ታውቀዋለች። የቀዶ ሕክምና ቁስሏ መርቅዞ፣ ሐኪሞቹ «ዛሬን ካደረች» ባሉ ሌሊት ከአልጋዋ በላይ ያለውን መስኮት ሰብሮ ዝናቡን አስገብቶባት ነበር። ሲነጋጋ በቃሬዛ አንስተው ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዷት፤ ከታች አልጋውን ገፍፈው ስብርባሪውን ጠረጉ። ሌላ ሰው ቢሆን «እዚህ የነበረችው የት ሄደች?» ይላል። አንድ ጥያቄ ነው። እሱ ግን መጠየቅ አይሆንለትም።

«ቀኑን ሙሉ እዚህ ዋለ» አሉ ሽማግሌው። «አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ነኝ የተቆጣሁት። ሂድና ቢያንስ ልብሷን ተቀበል፣ እንዲሁ ጥለሃት አትቀርም አልኩት። ሄደ።»

ሄዷል። እሷ ላይኛው ፎቅ ትኩሳቱ ለቋት፣ ትራስ ተደግፋ ሾርባ እየጠጣች ነበር። በሩ ላይ ብቅ አለ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ዓይኑ ያበጠ። አያትና የበሩን መቃን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እሷስ ምን አለችው? «ሚስትህ ልትሞት ስትል እንኳ እሑድን አትተዋትም? ሂድ፣ ብስክሌትህን ጠይቅ» ነበር ያለችው። ሦስት ቀን አላናገረችውም። ያችን እሑድ ለአሥራ አንድ ዓመት ቂም አድርጋ ይዛበት ነበር። እሱ አንድም ቀን የት እንደዋለ አልነገራት።

«በሳምንቱ ሲመጣ» ቀጠሉ ሽማግሌው፣ «እኛ ችግኙን ተክለን ጠበቅነው። ባልና ሚስቱም ሥራቸውን ዘግተው መጥተው ነበር። ስሟን ብንጠይቀው ዝም ብሎ ዝም ብሎ ‹መቀሴ› አለን። አንድ ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ችግኙን አየ፣ እኛን አየ፣ አፉን ዘጋ። ሐዘን ነው አልኩ።»

ያ አፍ ታያት። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሻይ ሊመልስ የሚከፈትና መልሶ የሚዘጋ አፍ ነው። ሊነግራቸው ነበር የመጣው። ደስ ብሎት፣ ተርፋለች ሊል፣ እየበረረ ነበር የመጣው። ሰዎቹ ግን ለሐዘኑ ዛፍ ተክለው ቆመው ጠበቁት፤ ይህን ቸርነት እንዴት አድርጎ ይመልስ? በሳምንቱም አልቻለም፣ በወሩም አልቻለም። እሷ ራሷ፣ መቀሷ፣ ጠዋት «ዘመዱ ነኝ» ብላ ይኸው እስከ እኩለ ቀን መመለስ አቅቷት የለም? ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋባት። አንጀቷን በላት።

«እሱስ እንዴት ነው?» አሉ ሽማግሌው። «ለምን ቀረብን?»

ይህን መዋሸት አልቻለችም። «ሞቷል፣ አባቴ። አራት ወሩ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ውሃው ትንሿን ቦይ ሞልቶ ወደ ዳር መውጣት ጀምሯል፤ መዘውሩን መዝጋት የነበረባቸው ያን ጊዜ ነበር፣ አልተነሱም።

«እንግዲህ ከመቀሴው ጋር ተገናኙ» አሉ በመጨረሻ። «ደግ ነው። ሲናፍቃት ነው የኖረ። ሁልጊዜ ሊሄድ ሲነሳ ከጠርሙሱ የተረፈውን ውሃ ሥሯ ላይ ያፈስላታል፤ ከዚያ ያቺን ነሐስ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ‹ነገ አትመጪም?› ይላታል። ነገ ደግሞ ሰኞ ነው። ሰኞ ምን አለ እያልኩ ይገርመኝ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልጠየቅሁትም።»

አልተወም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ሳምንት ሳይዘል፣ ጠይቋታል። እሷ ነበረች ያልሰማችው። እጇን መሬት ላይ ተመርኩዛ ተነሳችና ወደ ነሐሷ ቀረበች፤ መቀስ ያደደረውን አውራ ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች።

«መጣሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«መቀሴ እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። አዩዋት። ዛፉን አዩት፣ ብስክሌቱን አዩት፣ እንደገና እሷን። ባርኔጣቸው ከጉልበታቸው ወድቆ በውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ደርቀው ቀሩ። በጥቂት ቃል ነገረቻቸው፤ መስኮቱን፣ ቃሬዛውን፣ ላይኛውን ፎቅ፣ ሾርባውን። የተናገረችውንም ክፉ ቃል አልደበቀችም። እሳቸው ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ ሳይለይላቸው፣ የዛፉን ግንድ በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት።

«ታዲያ» አሉ፣ «እኛ ይህን ሁሉ ዓመት ያለቀስነው ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ይምጡ፣ ለእሱ እናልቅስለት።»

ውሃው መንገዱን ተሻግሮ የብስክሌቱን ጎማ ማራስ ጀምሮ ነበር። የቦዩን በር ለመዝጋት የተነሳ ግን አልነበረም።